ማሳው ይታይ

ወንጂ ማዶ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ፣
የቦሎቄው ዘር በጆንያ ተቋጥሮ፣
ቁልፉን ባዞረው፣
አባቴ «ናዝሬት የተገጠመ!» እያለ ሲኮራበት የኖረው
ያ ቤላሩስ ትራክተር
«ኧ...ህ» አለ። ቆየ። «ኧ...ህ» ደገመ፣ ሊነሳ ሲሞክር፤
ከዚያ ወገቡን እንደያዘ
ፈዘዘ፤
ተመልሶ ተቀመጠ።
ከዝናቡ ምክር ቀደመ፤ ያልጠራሁት ሁሉ ሮጠ።

«ባትሪው ነው» አለኝ ሂርጳ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣
ከባጃጅ በቀር አንዳች ነድቶ
የማያውቅ ሰው። አመንኩት።
ሁለት ፍየል ሸጬ አዳማ ገባሁ፤ አዲስ ባትሪ በጋሪ ጫንኩት።
ታሰረ።
«ኧ...ህ» አለ ያው ሽማግሌ፤ ድምፁን ብቻ ትንሽ አሳመረ።

«ሞተሪኖው ነው» አለ ሌላው። ሞተሪኖው ወረደ፤
ካርቦኑ ተቀየረ፤ የሽንኩርቱ ብር አብሮ ሄደ።
«ብርድ ነው፣ ዘይቱ ረግቶ ነው» ያለም አለ፤
በዚህ አገር! ዶሮው እንኳ ከጎማው ጥላ ሥር እየዋለ።

ማታ ወንድሜ ደወለ፤
«ለቁራሌው ሽጪው» አለ፣
«በኪሎ ይመዝነው፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ እንስጠው፤
አባባ እንደሆነ ሞቷል፤ እዚያ ማንን ነው የምትጠብቂው?»
ክፉ አላለም። በእናት ልጅ ላይ ክፉ አይባል።
ግን ስልኩ ተዘግቶም ቁልፉን አለቀቅኩም፤ ጥርሱ መዳፌ ላይ ታትሟል።

በአራተኛው ቀን፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ጋሽ በድሩን አመጣሁ፤
መነጽሩ በክር የታሰረ፤ «ጆሮዬን ነው የማምነው» ሲለኝ ፈራሁ።
መፍቻ አላነሳም፤ አልፈታም።
«አንዴ ቀስቅሺው።» ቀሰቀስኩ። ወፍራሙን ሽቦ ጨበጠና
«ትኩሳት አለው» አለ፤ «በሽታው ከዚህ አይርቅም።
ባትሪሽ ደህና ነው፤ ሞተሪኖውም በከንቱ ታምቷል፤
የወጣ ኃይል መመለሻ ካጣ፣ በየት ዞሮ ይመጣል?
ማሳው ይታይ።»

ዘወር ብዬ አየሁ፤ እስከ ግራሯ የተዘረጋውን የእኛን ማሳ፣
ግማሹ አረም ለብሶ፣ ግማሹ በድንበር ክስ ታስሮ፣ ተረሳ።
ሳቀ ሽማግሌው። «ያኛውን አይደለም ልጄ» አለ፤
ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «እሱም ያው ነው» ሊል ነበር መሰለኝ፤
አላለም። ትራክተሩ ሥር ተንጋለለ።

ሽቦው ከሻንሲው የተያዘበትን ቦሎን ፈታ።
ከቦሎኑ ሥር ቀለም፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ የሚያምር፤
ከቀለሙ ሥር ዝገት፤ ከዝገቱ ሥር ሌላ ዝገት፣ ሲቆፍር።
«ማነው የቀባው?»
እኔ ነኝ። ለአባቴ ሙት ዓመት፣ እንግዳ ሳይደርስ፣
«ልጁ አልጣለችውም» እንዲባልለት፣
ሽቦውን ፈትቼ ቀብቼ፣ ከቀለሙ በላይ አጥብቄ ያሰርኩት።

በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ጥርስ እስኪመስል ነጭ ብረት፤
«ብረት ብረቱን ይንካ» አለ፤ «ጌጥ መሃል አይግባበት።»

ቁልፉን አዞርኩ።
«ኧህ» የለ፣ ማቃሰት የለ፤ በአንድ ትንፋሽ ተንደቀደቀ፤
ዶሮው በረረ፤ እኔ ደነገጥኩ።
ጋሽ በድሩ ሦስት መቶ ብር ተቀበለ፤ ከዘሩም አንድ ጣሳ ቦሎቄ፤
ባጃጁ ላይ ወጣ፣ ገና ሳልጨርስ የጀመርኩትን ጥያቄ።

ወንድሜ ሲደውል ማረሻው መሬት ገብቷል፤
«ሸጥሽው ወይ?» አለ መሰለኝ፤ ድምፁ በሞተሩ ተውጧል።
«ማሳው ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ምን?» «ማሳው ነበር!»
«የቱ ማሳ?»
መስመሩ ተቋረጠ፤ እንደተንጠለጠለ ቀረ ነገር።

ያቺን በሽቦው ራስ ዙሪያ የቀረች፣ የቀለበት ታህል ነጭ ብረት
ቀለም አላስነካኋትም፤
ጥቂት ግሪስ ብቻ፣ በጣቴ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት።